የሜዲትራኒያን ሙቀት ሲዘገብ የየትኛው ቴርሞሜትር ቁጥር እንደሆነ ይጻፍልን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

በየዓመቱ እኛ ጃንጥላ ይዘን በምንወጣበት በሐምሌና በነሐሴ ከሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያ የሚመጣው ወሬ ስለ ሐሩር ነው። ጣሊያን 48 ገባ፣ ስፔን መሬቱ 60 ደረሰ፣ ግሪክ ጫካው ነደደ ይባላል። ዜናውን ማውጣታችሁ ደግ ነው፤ ቤይሩት፣ ቴል አቪቭ፣ አቴንስ ወይም ሮም ዘመድ ያለው አንባቢ ብዙ ነውና። ቅሬታዬ ስለ ቁጥሮቹ ነው። የአየር፣ የመሬት ገጽና የባሕር ሙቀት ተደበላልቀው እንደ አንድ ነገር ይታተማሉ። የቀኑ ጫፍ በትልልቅ ፊደል ይወጣል፤ ሌሊቱ ስንት ዲግሪ ላይ እንዳደረና አየሩ ምን ያህል እርጥበት እንደነበረው ግን አይጻፍም። ለዘመዶቻችን ጤና የበለጠ የሚያሰጋው ይኸው ያልተጻፈው ነው። (ከዚህ በታች በፈረንጅ ስማቸው የማነሣቸው ወራት፣ ዓመታቱም ሌላ ካላልኩ በቀር፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ በአማርኛ ስማቸው የጠራኋቸው ወራትና ሰዓቶቹ እንደ እኛ ናቸው።)

የአየር ሙቀት የሚባለው በዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት ደንብ የሚለካው ነው። ቴርሞሜትሩ ከመሬት ከ1.25 እስከ 2 ሜትር ከፍ ብሎ፣ አየር በሚያሳልፍ ነጭ ሳጥን ውስጥ፣ ፀሐይ ሳይነካው፣ አጭር ሣር ባለበት ገላጣ ቦታ፣ ከግድግዳና ከአስፋልት ርቆ ይቀመጣል። ሳተላይት የሚያነበው የአፈሩን፣ የጣራውንና የአስፋልቱን ገጽ ነው። ጁላይ 11 ቀን 2023 የአውሮፓው ሴንቲነል 3 ሳተላይት በስፔኗ ኤክስትሬማዱራ ከ60 ዲግሪ በላይ የመሬት ገጽ ሙቀት አነበበ። በዚያው አካባቢ ሳጥን ውስጥ ያሉት ቴርሞሜትሮች 40ዎቹ ውስጥ ነበሩ። ሁለቱም ልኬቶች ትክክል ናቸው። «ስፔን 60 ዲግሪ ገባ» የሚለው ርዕስ ነው ስሕተቱ። 60 ዲግሪ የደረሰ አየር በምድር ላይ የትም ቦታ ተለክቶ አያውቅም።

ሌላው የስሕተት ምንጭ ፎቶ ነው። የመኪና ዳሽቦርድ 52 ሲል፣ ወይም ጣሊያንና ግሪክ አገር ፋርማሲ በር ላይ የሚሰቀለው አረንጓዴ መስቀል 49 ሲያሳይ ይነሣና በቴሌግራም ይዞራል። መስቀሉ ፀሐይ ላይ የተሰቀለ ነው፤ የግድግዳው ሙቀትም ይመታዋል። የመኪናው መለኪያ አብዛኛውን ጊዜ ከፊት መከላከያው አካባቢ ስለሆነ ከአስፋልቱ የሚነሣውን ግለት ይስባል፤ መኪናው ቆሞ ከሆነ የሞተሩም ይጨመርበታል። የስልካችን ዲግሪም በአብዛኛው የኮምፒውተር ስሌት ነው፤ ከዚያ ሰፈር ጣቢያ የተነበበ ላይሆን ይችላል። ቤት ውስጥ መለካት የሚፈልግ ሰው ከፍተኛውን፣ ዝቅተኛውንና እርጥበቱን የሚያሳይ ርካሽ ዲጂታል መለኪያ ገዝቶ ጥላ ውስጥ፣ ደረት ከፍታ ላይ፣ ከግድግዳና ከኤሲ አፍ አርቆ ቢያስቀምጥ የተሻለ ያውቃል።

ጣቢያም ቢሆን ይሳሳታል። ከትሪፖሊ በስተደቡብ ባለችው አል አዚዚያ፣ ሴፕቴምበር 13 ቀን 1922 ተለካ የተባለው 58 ዲግሪ ለ90 ዓመት የዓለም ክብረ ወሰን ሆኖ በየመጽሐፉ ታትሟል። የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት በ2012 ሰረዘው። በምርመራው ዋናውን ድርሻ ከያዙት አንዱ የሊቢያ ሜትሮሎጂ ባለሙያው ኻሊድ ኤል ፋድሊ ነበሩ፤ የ2011 አብዮት መሐል ገብቶ ሥራው ለወራት ተስተጓጉሎም ነበር። የድሮው መዝገብ ሲገለጥ ክብረ ወሰኑ ከመመዝገቡ ከሁለት ቀን በፊት የጸሐፊው እጅ ጽሑፍ እንደተቀየረ ታየ፤ አዲሱ መዝጋቢ ቁጥሮችን በማይገባቸው ዓምድ ያስገባ ነበር። መሣሪያው ሲክስ ቤላኒ የሚባል ቴርሞሜትር ነው። በውስጡ ፈሳሹ ወደ ላይ የሚገፋት ትንሽ ጠቋሚ አለች፤ ንባቡ የሚወሰደው ከጠቋሚዋ የታችኛው ጫፍ ነው። የጠቋሚዋ ርዝመት በመስፈሪያው ላይ 7 ዲግሪ ያህል ይይዛል። ስለዚህ ልምድ የሌለው ሰው የላይኛውን ጫፍ ካነበበ 51ዱን 58 ብሎ ይጽፋል። ጣቢያው አስፋልት መሰል ወለል ላይ መቆሙ ሌላው እንከን ነበር። የጎረቤት ጣቢያዎችም ሆኑ በዚያው ቦታ ኋላ የተወሰዱ ልኬቶች ያን ቁጥር አልደገፉትም።

ጥንቃቄ ሲደረግ ምን እንደሚመስል ደግሞ ሲሲሊ ላይ ታይቷል። ኦገስት 11 ቀን 2021 ከሲራኩዛ ከተማ አቅራቢያ የክልሉ የግብርና ሜትሮሎጂ አገልግሎት ጣቢያ 48.8 ዲግሪ መዘገበ። የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት ይህን የአህጉራዊ አውሮፓ ክብረ ወሰን አድርጎ የተቀበለው መሣሪያውንና ቦታውን አስመርምሮ፣ በጃንዋሪ 2024 ነው፤ ሁለት ዓመት ተኩል ገደማ ፈጀ። የቀድሞው ክብረ ወሰን ጁላይ 10 ቀን 1977 በአቴንስ አካባቢ የተመዘገበው 48.0 ነበር። እንግዲህ አዲስ ቁጥር በሰማችሁ ማግሥት «ክብረ ወሰን ተሰበረ» ከማለት «ከተረጋገጠ ክብረ ወሰን ይሆናል» ማለቱ አንድ መስመር እንኳ አይጨምርም።

ይህን ሁሉ የምለው ሙቀቱ ተጋኗል ለማለት አይደለም። እንዲያውም ጫፍ ጫፉን ስናሳድድ ዋናው ነገር ያመልጠናል። የሜዲትራኒያን አገሮችን የአየር ንብረት የሚያጠኑ ሳይንቲስቶች ጥምረት በ2020 ባወጣው ግምገማ አካባቢው ከኢንዱስትሪ አብዮት በፊት ከነበረው 1.5 ዲግሪ ሞቋል፤ በጊዜው የዓለም አማካይ 1.1 ነበር። በጋው ከሌላው ወቅት በባሰ ፍጥነት እየሞቀ ነው። ክብረ ወሰኖቹም ተከታትለው ነው የወደቁት፤ በ2019 ፈረንሳይ 46.0፣ በ2021 ስፔን 47.6፣ በጁላይ 2023 ቱኒስ 49፣ በኦገስት 2023 የሞሮኮዋ አጋዲር 50.4 (እሷ እንኳ አትላንቲክ ላይ ናት)፣ በጁላይ 2025 በደቡብ ምሥራቅ ቱርክ ሲሎፒ 50.5። የጁላይ 2023ን ሐሩር የመረመረው የዓለም የአየር ሁኔታ ትስስር ጥናት ቡድን የሰው ልጅ ያመጣው ሙቀት ባይኖር ኖሮ በደቡብ አውሮፓ ያን ያህል ሊግል እንደማይችል፣ የለውጡ ድርሻም 2.5 ዲግሪ ያህል እንደሆነ አስልቷል።

አካባቢው ለምን ቀደመ ለሚለው አንድ መልስ የለም። በበጋ በዚያ ሰማይ ላይ አየር ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ የሚወርድ ደረቅ አየር በየኪሎ ሜትሩ 10 ዲግሪ ያህል ይሞቃል፣ ደመናም አያቋጥርም። በምሥራቁ በኩል ይህን ወራጅ አየር ከሚያጠናክሩት አንዱ የህንድ ክረምት ነው፤ ሮድዌልና ሆስኪንስ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1996 እንዳሳዩት በደቡብ እስያ ዝናብ ሲዘንብ የሚፈጠረው ንቅናቄ ከምሥራቅ ሰሃራና ከምሥራቅ ሜዲትራኒያን በላይ አየሩ እንዲሰምጥ ያደርጋል። በዚህ ላይ የአፈሩ ድርቀት አለ። አፈሩ እርጥብ ሲሆን የፀሐዩ ጉልበት ውኃውን በማትነን ያልቃል፤ አፈሩ በግንቦት ከደረቀ በሐምሌ ያ ጉልበት በሙሉ አየሩን ያግላል። የፀደይ ዝናብ የቀረበት ዓመት በጋው የሚከፋው ለዚህ ነው። ከ1980ዎቹ ወዲህ በአውሮፓ የፋብሪካ ጭስ መቀነሱም ለሳንባ በጎ ሆኖ ሳለ የፀሐዩን መጋረጃ አቅጥኖታል።

ባሕሩም እየሞቀ ነው፤ ከ1982 ጀምሮ በየአሥር ዓመቱ 0.4 ዲግሪ ገደማ። የመላው ባሕር ገጽ ዕለታዊ መካከለኛ በጁላይ 2023 28.71፣ በኦገስት 2024 ደግሞ 28.90 ደርሷል። ይህ ሲዘገብ «ባሕሩ 28 ነው፣ ደስ ይላል ለዋና» የሚሉ አስተያየቶች አንብቤያለሁ። በስፔኑ ኤብሮ ደልታ ሙሰል የሚባለውን ቅርፊታም የባሕር ምግብ ለሚያረቡት ሰዎች 28 ዲግሪ ምርቱ ማለቅ የሚጀምርበት መስመር ነው። ለእኛ ዘመዶች ደግሞ ትርጉሙ የሌሊት ወበቅ ነው። ምሽት ላይ ይነፍስ የነበረው ቀዝቃዛ የባሕር አየር እርጥብና ሙቅ ሆኖ ይመጣል፤ 28 ዲግሪ በሆነ ባሕር ዳር ያለች ከተማ ሌሊቱን ከዚያ ብዙ ዝቅ ልትል አትችልም።

አሁን ወደ ወበቁ ልምጣ፤ ጋዜጣችሁ ጨርሶ ያልነካው ይህን ነው። የሰው ቆዳ 35 ዲግሪ አካባቢ ነው። አየሩ ከዚያ ሲበልጥ ሰውነት የሚበርድበት መንገድ አንድ ብቻ ይቀረዋል፤ ላብ። አንድ ሊትር ላብ ከቆዳ ላይ ሲተን 580 ኪሎ ካሎሪ ያህል ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ጠብ ጠብ ብሎ የወረደ ላብ ግን ምንም አያበርድም፤ ውኃና ጨው ብቻ ያስወጣል። አየሩ በእርጥበት የተሞላ እንደሆነ ላቡ አይተንም።

ይህን በአንድ ቁጥር የሚያጠቃልል የሥራ ጤና ባለሙያዎች መለኪያ አለ። ጫፉ በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ ቴርሞሜትር፣ ጥቁር ሉል ውስጥ የገባ ቴርሞሜትርና ተራ ቴርሞሜትር ይነበባሉ። ፀሐይ ላይ ከሆነ የእርጥቡ 70 በመቶ፣ የሉሉ 20 በመቶ፣ የተራው 10 በመቶ ይደመራል፤ ጥላ ውስጥ ከሆነ የእርጥቡ 70 በመቶና የሉሉ 30 በመቶ። ሁለት ቤት እናስላ። የመጀመሪያው መሐል አገር፣ እንደ ኮርዶባ ያለ ቦታ፣ ጥላ ውስጥ 44 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 15 በመቶ። እርጥቡ ቴርሞሜትር 23፣ ሉሉ ደግሞ ጥላ ውስጥ ስለሆነ የአየሩን ያህል 44 ያነባል እንበል። 23ን በ0.7፣ 44ን በ0.3 አባዝተን ስንደምር 29.3 ይመጣል። ሁለተኛው የባሕር ጠረፍ፣ እንደ ቤይሩት ያለ ቦታ፣ 34 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 70 በመቶ። እርጥቡ 29 ያነባል። ድምሩ 30.5 ነው። በዜና 44ቱ የፊት ገጽ ይይዛል፤ 34ቱ ዜና አይሆንም። ሰውነትን የሚያስጨንቀው ሁለተኛው ነው። ለማነጻጸር ያህል፣ በአሜሪካ የሥራ ጤና ባለሙያዎች መመዘኛ መጠነኛ ጉልበት ለሚጠይቅ ያልተቋረጠ ሥራ ገደቡ ሙቀት ለለመደ ሰው 28፣ ላልለመደ 25 ነው። ኳታር ይኸው ልኬት 32.1 ሲደርስ የውጭ ሥራ እንዲቆም በ2021 ደንግጋለች። ወለል መወልወልና መስኮት ማጠብ መጠነኛ ጉልበት ከሚባሉት ውስጥ ናቸው።

«አፋርም ይሞቃል፣ ሰው ይኖርበታል» የሚል መልስ በየጊዜው ይሰማል። እውነት ነው፤ ዳሎል ላይ በ1960ዎቹ የተለካው የዓመት አማካይ ከ34 ዲግሪ በላይ ነው፣ ሰው በኖረበት ቦታ ከተለካው ሁሉ የበለጠ። ነገር ግን ወደ ቤይሩት የሚሄደው አብዛኛው ሰው ከአፋር አይደለም የሚነሣው። ከ2,300 ሜትር በላይ ካለችው አዲስ አበባ ወይም ከደጋው ወሎና ከሸዋ ነው። በነሐሴ የአዲስ አበባ የቀን ጫፍ 20 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሰውነት ሙቀት ለመልመድ ከ7 እስከ 14 ቀን ይፈልጋል። በዚያ ጊዜ ላብ ቶሎ መውጣት ይጀምራል፣ መጠኑ ይጨምራል፣ ጨውነቱ ይቀንሳል፣ የደም ውኃም ይበዛል። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ጤና ተቋም ምክር ለአዲስ ሠራተኛ በመጀመሪያው ቀን የሙሉ ቀን ሥራውን 20 በመቶ ብቻ መስጠት፣ ከዚያም በየቀኑ 20 በመቶ መጨመር ነው። ከደጋ የመጣች ልጅ አውሮፕላን በወረደች ማግሥት የስድስት ክፍል ቤት ጠርጊ ስትባል ይህ ሁሉ ይዘለላል። የተዘለለውም በሕግ በኩል ነው፤ የሊባኖስ የ1946 የሥራ ሕግ በ7ኛው አንቀጹ የቤት ሠራተኞችን ከጥበቃው ውጭ አድርጓል። ኤጀንሲዎች ከጉዞ በፊት በሚሰጡት ሥልጠና ላይ ማጠቢያ ማሽንና ኦቨን ያሳያሉ፤ ለሙቀት የሚሰጠው ጊዜ ቢኖር ከዚያ ይልቅ ይጠቅም ነበር።

ስለ ሌሊቱ ጥቂት ልጨምር። ሜትሮሎጂ ባለሙያዎች ከ20 ዲግሪ በታች ያልወረደ ሌሊትን ለይተው ይቆጥራሉ፤ ስፔኖች ከ25 በታች ላልወረደው ሌላ ስም አላቸው። በቴል አቪቭና በቤይሩት ጠረፍ በነሐሴ 24 እና 25 ላይ የሚያድር ሌሊት የተለመደ ነው፤ ይህ ግን የውጭው ነው። የኮንክሪት ቤት ቀኑን ሙሉ የጠጣውን ሙቀት ወደ ውስጥ የሚመልሰው ከሰዓታት በኋላ ስለሆነ የላይኛው ፎቅ ጣራ በጣም የሚግለው ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። የቤት ሠራተኛ የምትተኛበት ጠባብ ክፍል ብዙ ጊዜ ከማዕድ ቤት ጎን ነው፣ መስኮቱም ካለ ወደ ጉድጓድ መሰል ክፍተት ይከፈታል። ልብ በቀን የደከመውን ሌሊት ካላካካሰ በሦስተኛውና በአራተኛው ቀን ነው አደጋው የሚመጣው። የሙቀት ዜና ስትጽፉ «ስንተኛ ቀኑ ነው» የሚለው ለዚህ ያስፈልጋል። በጁላይ 2023 ግሪክ ከሁለት ሳምንት በላይ ሳታርፍ ከርማለች፤ የአቴንሱ ጥንታዊ ሥፍራ አክሮፖሊስም በቀኑ እኩሌታ እንዲዘጋ ሆኖ ነበር።

የዓለም ጤና ድርጅት ክፍሉ ቀን ከ32፣ ሌሊት ከ24 በታች እንዲሆን ይመክራል። መብራት በሚጠፋበት ከተማ ይህ ሁልጊዜ አይገኝም። የሚቻለውን ልዘርዝር። መስኮትና መጋረጃ ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት ይዘጋ፣ ውጭው ከቤት ሲቀዘቅዝ፣ ብዙ ጊዜ ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት፣ በሁለት ወገን ይከፈት። ጣራ ላይ ያለ ሮቶ ከሰዓት በኋላ እንደ ሻይ ይሞቃል፤ ለምሽት መታጠቢያ የሚሆነው ውኃ ማለዳ በባልዲ ተቀድቶ ቤት ውስጥ ጥላ ቦታ ይቀመጥ። ቬንትሌተር ከ40 ዲግሪ በታች ብቻ ይጠቅማል፤ ከዚያ በላይ የጋለ አየር ቆዳ ላይ እየነፋ ሰውነትን ያሞቃል። ከ40 በታችም ቢሆን ብቻውን ከመንፋት ክንድ፣ አንገትና እግር በውኃ ርሶ ቢነፋ በጣም ይለያል፤ ላብ የሚሠራውን ሥራ ውኃው ይሠራለታል። ምግብ ማብሰልና መተኮስ ወደ ንጋት ይዛወር፤ ማዳሟ እሺ ካለች ማለቴ ነው።

ውኃ በየ15 እና 20 ደቂቃው አንድ ብርጭቆ፣ 240 ሚሊ ሊትር ያህል፣ በሥራ ላይ ሳሉ ይጠጣል። ጥማት ዘግይቶ ነው የሚመጣው። በተቃራኒው በአንድ ሰዓት ውስጥ ከ1.4 ሊትር በላይ ባዶ ውኃ መጠጣት የደምን ጨው አቅጥኖ ማስመለስ፣ ራስ ምታትና መደናበር ያመጣል፤ ይህ ከሙቀት ሕመም ጋር ስለሚመሳሰል «ጨምራ ትጠጣ» ይባልና ይባባሳል። ላቡ ለሰዓታት ከቀጠለ ኦአርኤስ ይጠጣ፣ ካልተገኘ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ልክ ተደርጎ ይበጥበጥ። ጨው ማብዛት ጉዳት አለው። የደም ግፊት መድኃኒት፣ በተለይ ሽንት የሚያበዛውን ዓይነት የሚወስድ ሰው በበጋው መግቢያ ሐኪሙን መጠኑን ይጠይቅ፤ በራሱ ግን አያቋርጥ።

የጾሙን ነገር ማንም አንሥቶት አላየሁም። ጾመ ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው፣ በፈረንጅ ከኦገስት 7 እስከ 21። የሜዲትራኒያን ሙቀት ጫፍ ላይ የሚወድቅ ጾም ነው። ያ የሲሲሊው 48.8 የተመዘገበው ነሐሴ 5 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ በጾሙ አምስተኛ ቀን ነበር። በእስራኤል ያሉ ወገኖቻችን የሚጾሙት ቲሻ በአቭም 25 ሰዓት ያለ ውኃ ሆኖ በዚያው ወራት ይውላል። ሒሳቡ እንዲህ ነው። 55 ኪሎ የምትመዝን ሴት ከክብደቷ 2 በመቶ፣ ማለትም 1.1 ሊትር ውኃ ስታጣ ጉልበቷና ትኩረቷ መውረድ ይጀምራል። በወበቅ ውስጥ እየሠራች በሰዓት ግማሽ ሊትር ካላበች ያ የሚሆነው ከሁለት ሰዓት ጥቂት በኋላ ነው። እስከ 9 ሰዓት እህል ውኃ ሳትቀምስ ከዋለች ደግሞ ጉድለቱ በብዙ እጥፍ ይሆናል። የሚሻለው በሌሊት ደጋግሞ ውኃ መጠጣት፣ ከባዱን ሥራ ከንጋቱ 12 ሰዓት አካባቢ መጨረስ፣ የምትችል ደግሞ የንስሐ አባቷን ማማከር ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ለታመመና ለደከመ ቀኖናውን እንደምታቀልል የታወቀ ነው። የቤይሩትና የአቴንስ ካህናት ይህን ከፍልሰታ በፊት ባለው እሑድ በስብከት መሐል ቢጠቅሱት የእናንተ አሥር ዜና የማይደርስበት ይደርሳል።

ሰው ከወደቀ ምን ይደረግ የሚለውም በየዜናው ግርጌ ቢታተም ቦታ አይፈጅም። ሙቀት የመታው ሰው ይቀባጥራል፣ ይንገዳገዳል፣ ጠባዩ ይለዋወጣል ወይም ራሱን ይስታል፤ የሰውነቱ ሙቀት ከ40 ይበልጣል። «ላብ ካላቋረጠ ደህና ነው» የሚለው እምነት ሰው ገድሏል፤ በሥራ ላይ የወደቀ ሰው ብዙ ጊዜ ላብ በላብ ነው። ማብረድ ከማጓጓዝ ይቀድማል። አምቡላንስ ይጠራ (ሊባኖስ 140፣ እስራኤል 101፣ የአውሮፓ ኅብረት አገሮች 112)፣ እስኪመጣ ልብሱ ይውለቅ፣ መላ ሰውነቱ በቀዝቃዛ ውኃ እየራሰ ይናፈስ፣ በረዶ ካለ በጨርቅ ተጠቅልሎ አንገት፣ ብብትና ብሽሽት ላይ ይደረግ። ገንዳ ካለና ጉልበታም ወጣት ከሆነ፣ ሰው ይዞት፣ እስከ አንገቱ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ማስገባት ከሁሉ ይፈጥናል። ፓራሲታሞል እዚህ አይሠራም፤ የወባ ወይም የጉንፋን ትኩሳት አይደለም፣ ጉበትንም ሊጎዳ ይችላል። ራሱን ለሳተ ሰው ውኃ በአፉ አይፈስም።

ውጭ ለሚሠሩት ሕጉ ከአገር አገር ይለያያል። በጣሊያን ብዙ ክልሎች በ2024 እና በ2025 በጋ አደጋው ከፍተኛ በተባለበት ቀን የእርሻና የግንባታ ሥራ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል እስከ 10 ሰዓት አግደዋል። ግሪክ በሐሩር ቀናት ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት የሚደርስ የሥራ ማቆሚያ ታዛለች፤ ሞተረኞች ምግብ አድራሾችንም ይጨምራል። በስፔን የ2023ቱ ድንጋጌ የሜትሮሎጂ ተቋሙ ብርቱካናማ ወይም ቀይ ማስጠንቀቂያ ሲያወጣ አሠሪው ሥራውን እንዲያስተካክል ያስገድዳል። ወረቀት የሌለው ሠራተኛ መብቱን ለመጠየቅ ይፈራል፤ ግን እገዳው በወረቀት አይወሰንም፣ እርሻው ላይ ያለውን ሁሉ ይመለከታል።

የሞት ቁጥር ሲጻፍም አንድ ነገር ይስተካከል። በ2022 በጋ በአውሮፓ 61,672 ሰው፣ ከዚህም 18,010 በጣሊያን፣ በሙቀት ምክንያት ሞቷል የተባለው ከሞት ምስክር ወረቀት ተቆጥሮ አይደለም። ሐኪሙ ወረቀቱ ላይ የሚጽፈው ልብ፣ ኩላሊት ወይም ሳንባ ነው። ተመራማሪዎች የየሳምንቱን ሞት ከየሳምንቱ ሙቀት ጋር አነጻጽረው ነው ያሰሉት። አብዛኞቹ አረጋውያን ናቸው። በእርሻ ላይ ወድቆ የሞተ ሠራተኛ ፎቶ ከዚህ ቁጥር አጠገብ ሲታተም አንባቢ የተሳሳተ ነገር ይገባዋል።

ሙቀቱ በመስከረም ያልቃል ብላችሁ ዜናውን አትዝጉት። ባሕሩ ያጠራቀመውን ሙቀት እስከ መኸር ይይዛል፣ አየር በአንድ ዲግሪ 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ ተን ይሸከማል። በሴፕቴምበር 2023 ዳንኤል የተባለው ማዕበል በሊቢያ አል ባይዳ በአንድ ቀን 414 ሚሊ ሜትር አዘነበ፤ ደርና ላይ ሁለት ግድቦች ተደረመሱ። በእርግጥ ለዓመታት ጥገና ያላገኘ ግድብ ጥፋት በባሕሩ ላይ መላከክ የለበትም። ኦክቶበር 29 ቀን 2024 በስፔን ቫሌንሲያ ክፍለ ሀገር ቱሪስ በምትባል ከተማ 771.8 ሚሊ ሜትር ዘነበ፤ አዲስ አበባ በዓመት ከምታገኘው ከግማሽ በላይ የሚሆነው በአንድ ቀን ማለት ነው።

የምጠይቀው ይህ ነው። ስለ ሜዲትራኒያን ሙቀት በምታወጡት እያንዳንዱ ዜና ሥር በትንሽ ፊደል አምስት ነገር ይግባ፤ የጣቢያው ስምና ተቋሙ፣ የአየር ነው የመሬት ገጽ፣ የሌሊቱ ዝቅተኛ፣ የእርጥበቱ መቶኛ፣ ስንተኛ ቀኑ። ቁጥሩ ከማኅበራዊ ሚዲያ ፎቶ ከሆነ አይውጣ። ከነሐሴ 1 በፊት ባለው ዕትም ደግሞ የውኃውን፣ የቬንትሌተሩንና የአደጋ ጊዜ ስልኮቹን ነገር ተቆርጦ ፎቶ ሊነሣ በሚችል ሣጥን አድርጋችሁ አትሙት፤ እናቶች በኢሞና በዋትስአፕ ለልጆቻቸው የሚልኩት የጋዜጣ ቁራጭ እንደዚያ ያለው ነው።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የአየር ንብረት ባለሙያ
አዲስ አበባ